ከሰላምታው የቀረው ስም

ሶዶ፣ መጋቢት ፲፪ ቀን ፲፱፻፳፭ ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ ለጋሼ እሸቴ፣ ጅቡቲ፤

የባሕሩን ሙቀት የሚያስችል አምላክ ጤናዎን ይስጥልኝ እያልኩ፣ ካሉበት ድረስ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ። እኔ ጽጌሬዳ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። አባቴ ቦጋለ ደህና ነው። እናቴ የማርያምወርቅ ደህና ናት። እኛ ቤት ያሉት እናትዎ እማማ አስናቀች ከዓይናቸው በቀር ደህና ናቸው። ግራዝማች አድነው ደህና ናቸው፤ እግራቸው ያማቸዋል፣ አፋቸው ግን ከሁላችንም ይበልጥ ደህና ነው። የንስሐ አባታችን አባ ገብረሥላሴ ደህና ናቸው፣ ይስላሉ። ጎረቤታችን አቶ ባዳቾ ደህና ነው፤ በቅሎው ደህና ናት፤ እንሰቱም ደህና ነው። በቅሎዋንና እንሰቱን የጻፍኩት አቶ ባዳቾ አጠገቤ ቆሞ «የኔዎቹስ?» ስላለኝ ነው።

ጋሼ፣ እንግዲህ ይፍረዱኝ። ወረቀቱ ተጋመሰ፣ ወሬ ግን ገና አልጀመርኩም። «ሴት ልጅ ጽሕፈት አውቃ ለማን ልትጽፍ ነው?» ብለው አባቴን ሲወቅሱት የነበሩት ሽማግሌዎች ዛሬ በየተራ እየመጡ «ስሜን አስገቢልኝ» ይሉኛል። አንድ ቀን ሁሉንም ዘልዬ «ሁላችንም ደህና ነን» ብዬ በአንድ መስመር እገላገላለሁ።

ወሬው ይኸውልዎ። ከገበያው በላይ ካለው ጉብታ ላይ የሚሠራው ሐኪም ቤት ሊያልቅ ነው። እንጨቱን የኛ ሰፈር ሰው አወጣ፤ ጭቃውን እነ አቶ ባዳቾ በዘፈን ረገጡት፤ ፈረንጁ ሐኪም ደግሞ ቆርቆሮ በግመል አስመጣ። ግራዝማች አድነው ዱላቸውን ተመርኩዘው ሲያዝዙ ይውላሉ። «በሩ ወደ ምሥራቅ ይዙር!» ይላሉ። «ጌታዬ፣ ቤተ ክርስቲያን እኮ አይደለም» አናጢው ሲላቸው፣ «በሽታስ ቢሆን ከየት እንደሚመጣ ታውቃለህ?» ብለው መለሱለት።

ሐኪሙ የዓይን ሞራ ይገፍፋል የሚባል ነገር ተሰምቷል። እንዴት እንደሆነ ግን የሚያውቅ የለም። ግራዝማች «ዓይኑን አውጥቶ፣ በሳሙና አጥቦ፣ ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል» ይላሉ። አባ ገብረሥላሴ «ጭልፊት ቢወስደውስ?» ብለው ከልባቸው ተጨነቁ።

እማማ ይህን ሁሉ እየሰሙ ጥጥ ይዳምጣሉ። ሞራው ዓይናቸውን ከጋረደው ወዲህ መፍተሉን ትተውታል። ዱሮ ግራኝ በመሆናቸው ፈትላቸው ወደ ግራ ይከርር ነበርና፣ ሸማኔው «የሳቸው ክር ከሰው ክር አይስማማም» እያለ ሲያማርር ትዝ ይልዎታል። አሁን እሱ ራሱ ናፍቆታል። የመጨረሻው የፈትል ድውራቸው እርስዎ ለብሰውት በሄዱት ጋቢ ውስጥ አለቀ።

ለመስቀል እመጣለሁ ያሉትን በየቀኑ ያስነግሩኛል። አይቅሩ።

ታናሽዎ ጽጌሬዳ ቦጋለ


ጅቡቲ፣ ሚያዝያ ፳ ቀን ፲፱፻፳፭ ዓ.ም.

ለልጄ ለጽጌሬዳ፤

እጅሽን ከቁርጥማት፣ ምላስሽን ከሽማግሌ እርግማን ይጠብቅልኝ። እኔ ከሙቀቱና ከናፍቆቱ በቀር ደህና ነኝ። አባትሽን፣ እናትሽን፣ ግራዝማችን፣ አባ ገብረሥላሴን፣ አቶ ባዳቾን እንደምን ሰነበታችሁ በይልኝ። የናቴን ጉልበት ሳሚልኝ።

ስለ ሰላምታው ርዝመት የቀለድሽውን ሳነብ ሳቅሁ፤ ወዲያው ግን ሳቄን ዋጥሁት። ልጄ፣ እኛ እዚህ ያለን ያገር ልጆች ደብዳቤ ሲመጣ አስቀድመን የምናነበው ወሬውን አይደለም፣ ስሞቹን ነው። እንደምታውቂው መርዶ በወረቀት አይነገርም። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ማለዳ፣ በሰው አፍ ነው የሚነገር። ስለዚህ ሰው ሲሞት ጸሐፊው ስሙን ዝም ብሎ ያልፈዋል። ከኔ ጋር መጋዘን የሚጠብቅ አንድ የመንዝ ሰው አለ፤ «ወንድምህ ደህና ነው፣ እኅትህ ደህና ናት» የሚል ደብዳቤ መጣለት፣ አባቱ ግን የሉበትም። ወረቀቱን አጠፈና ሄዶ ራሱን ተላጨ። ማንም ምንም አልነገረውም። ስለዚህ ከፈለግሽ በቅሎዋን ዝለያት፤ የሰው ስም ግን አትዝለዪብኝ።

ሐኪም ቤቱ ደስ ብሎኛል። እዚህም ሞራው ተገፎለት ያየ ሰው አይቻለሁ። ነገር ግን እናቴን ማንም እንዳይገፋፋት። ራሷ ወዳ ከሄደች ትሂድ፤ የሰው አፍ እንዳይወስዳት።

አንድ የመርከብ አለቃ እሳት ማንደጃው ዘንድ ሥራ ሊሰጠኝ ይለምነኛል። ከሄድኩ ለብዙ ዘመን ነው። «እናቴ የበሩን ድምፅ እያዳመጠች ተቀምጣ ወዴት እሄዳለሁ?» ብዬ መለስኩት። ቀይ የሐር ሻሽ ገዝቼላታለሁ። ቀለሙን ባታየው አንቺ ትነግሪያታለሽ። ለመስቀል ሶዶ ነኝ።

እሸቴ


ሶዶ፣ ግንቦት ፲ ቀን ፲፱፻፳፭ ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ እሸቴ፤

ጤናና ሰላም ካሉበት ይድረስዎ። የመጋቢቱ ደብዳቤዬ መልስ ገና አልደረሰኝም። እኔ ደህና ነኝ። አባቴ ደህና ነው። እናቴ ደህና ናት። ግራዝማች አድነው ደህና ናቸው። አባ ገብረሥላሴ ደህና ናቸው። አቶ ባዳቾ ደህና ነው፤ በቅሎውም ደህና ናት።

ሐኪም ቤቱ ተከፈተ። ከበሮ ተመታ፣ በሬ ታረደ፣ ሹሙ ከነአሽከሮቻቸው መጡ፣ አባ ገብረሥላሴ ጸበል ረጩ፤ ሐኪሙን ግን ከሰው ሁሉ አብልጠው ረጩትና መነጽሩን ሲጠርግ ዋለ። ከዚያ ሐኪሙ በአስተርጓሚ «ቤቱ የናንተ ነው። ማን ይጀምራል?» አለ።

ጋሼ፣ ያን ጊዜ ቢያዩ! ዓመቱን ሙሉ የሚያነክሱት ግራዝማች ቀጥ ብለው እንደ ጎረምሳ ተራመዱ። አባ ገብረሥላሴ ሳላቸውን አፍነው ይዘው ፊታቸው በርበሬ መሰለ። አቶ ባዳቾም ጥርሱን ያመኛል ያለው ሌላ ሰው ይመስል ከበቅሎዋ ኋላ ገባ። ያ ሁሉ ሽማግሌ መሬት መሬት ሲያይ እኔ ሳቄ መጣ። ከዚያም

ቀለሜ አልቋል። የቀረውን በሌላ ጊዜ። ጸልዩልን።

ጽጌሬዳ


ጅቡቲ፣ ሐምሌ ፭ ቀን ፲፱፻፳፭ ዓ.ም.

ለልጄ ለጽጌሬዳ፤

እግዚአብሔር ያጽናን።

የግንቦቱ ደብዳቤሽ ደረሰኝ። አነበብኩት፣ ደግሜም አነበብኩት። ለመንዙ ሰውዬም ሰጥቼው አነበበው። ዓይኑን ወደኔ ሳያነሣ መለሰልኝ።

አልወቅስሽም። ደብቂ ያሉሽ ትልልቆቹ ናቸው፣ ልማዱም ይኸው ነው። ይልቅስ አንድ ነገር ላመሰግንሽ እፈልጋለሁ፤ «ደህና ናት» ብለሽ አልዋሸሽኝም። ልጅ ሆነሽ ዝም ማለቱን ቻልሽበት።

ያገር ልጆች ተሰብስበው አስተዛዘኑኝ። ስንዴና ሽምብራ ቀቅለን ለድሃ ሰጠን። ሻሹን ለአንዲት ችግረኛ አሮጊት ስለ ነፍሷ ሰጠኋት፤ ራሷ ላይ አስራ ስትሄድ ከኋላዋ እናቴን መሰለችኝ።

የመጋዘኑን ሥራ ለቅቄ ከመርከቡ አለቃ ጋር ተዋውያለሁ። አዲሱ ዓመት በገባ በማግሥቱ እንነሣለን። ለመስቀል አልመጣም። ወደማን ልምጣ? መቃብሯ ላይ ሣር እንዳይበቅል አባትሽን አደራ በይልኝ።

እሸቴ


ሶዶ፣ ነሐሴ ፩ ቀን ፲፱፻፳፭ ዓ.ም.

ጋሼ እሸቴ፣ እናትዎ አልሞቱም።

ሰላምታውን ኋላ እጽፋለሁ። እናትዎ እማማ አስናቀች በሕይወት አሉ፤ አሁን ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል፤ ያያሉም። እንደማያምኑኝ አውቃለሁ። ቢሆንም እስከ መጨረሻው ያንብቡልኝ፣ ከዚያ በኋላ እንደፈቀዱ ይርገሙኝ።

ቀለም አልቆብኝ አልነበረም። ሐኪሙ «ማን ይጀምራል?» ሲል፣ ሽማግሌዎቹ መሬት ሲያዩ፣ ሳቄ መጣ ብዬዎታለሁ። ከዚያ እኔ ነኝ ከሕዝቡ መሃል «እማማ አስናቀች ይጀምራሉ!» ብዬ የጮኽሁት። ሰው እንዲስቅ ብዬ ነው፤ ሳቀም። እማማ ግን ከዋርካው ሥር ከተቀመጡበት ተነሡ። ሰው መንገድ ለቀቀላቸው። ከዘራቸውን እያስቀደሙ መጡና «የጠራኝ ድምፅ የቤቴ ድምፅ ነው። በሕዝብ ፊት ተጠርቼ አልቀርም» አሉ። ቀሚሳቸውን ይዤ «እማማ፣ ቀልዴን ነው» አልኩ። «እኔ ግን አልቀለድኩም» ብለው ገቡ። «የሰው አፍ እንዳይወስዳት» የሚለው ቃልዎ ሲደርሰኝ የኔው አፍ ወስዷቸው ነበር።

ሐኪሙ ሞራውን ገፈፈው። ዓይን አውጥቶ አላጠበም፣ ፀሐይ ላይም አላሰጣም። ከዚያ ግን ሁለት ዓይናቸውን በፋሻ አስሮ፣ ራሳቸውን በሁለት የአሸዋ ከረጢት መሃል አስተኝቶ፣ «አይነቃነቁ፣ አያስሉ፣ አይሳቁ፤ ካልሆነ ዓይኑ ይጠፋል» አለ። አስታማሚዋ እኔ ነበርኩ። ጋሼ፣ ዕድሜ ልኬን ሰው ሳስቅ ኖሬ ያን ጊዜ ከንፈሬን ነክሼ ተቀመጥኩ። ግራዝማች ሊጠይቁ መጥተው «በይ እንግዲህ አንድ ቀልድ ንገሪን» ሲሉኝ አለቀስኩ። እሳቸውም ደንግጠው ያመጡትን ሙዝ ትተው ወጡ።

ያን ሰሞን ትኩሳት ያዛቸው። «ለልጄ እንዳትጽፊለት» ብለው በእመቤታችን አስማሉኝ፤ «ከበራልኝ ሲመጣ አየዋለሁ፣ ካልበራልኝም በነበርኩበት ያገኘኛል» አሉ። ከዚያ ለእርስዎ ልጽፍ ተቀመጥኩ። ሰላምታው ከሳቸው ዘንድ ሲደርስ እጄ ቆመ። ደህና ናቸው ልበል? ደህና አልነበሩም። ታመዋል ልበል? ምዬአለሁ። ዘለልኳቸው። የበቅሎዋን ስም ግን ከልማድ ጻፍኩ።

የእርስዎ ደብዳቤ የደረሰኝ የኔው ከሄደ በኋላ ነው፤ መንገድ ላይ ተላለፉ። «የሰው ስም አትዝለዪብኝ» የሚለውን ሳነብ ምን እንዳደረግሁ ገባኝ። ያኔውኑ መጻፍ ነበረብኝ። «እማማ ደህና ናቸው» የምትል አንዲት መስመር ትበቃ ነበር። ትኩሳቱ ለቋቸው፣ ፋሻው ተፈትቶ፣ ብርሃንና ጥላ መለየት ጀምረው ነበር። ግን በፊተኛው ደብዳቤ ስማቸው ለምን ቀረ ብለው ይጠይቁኛል፤ ማን ጮኸ ይሉኛል። ስለዚህ «ሐኪሙ ያዘዘላቸው መነጽር ይምጣ፣ አጥርተው ይዩ፣ ያኔ ምሥራቹን አደርገዋለሁ» እያልኩ አዘገየሁ። ክረምቱም ገባና ብላቴ ሞላ፤ ለስንፍናዬ ወንዙን ምክንያት አደረግሁት። እዚያ እርስዎ ራስዎን እየተላጩ እኔ እዚህ የምሥራች አሳምር ነበር።

መነጽሩ መጣ። ወፍራም ነው፣ የጠርሙስ ቂጥ ይመስላል። እማማ አድርገውት መጀመሪያ ያዩት እኔን ነው። «አድገሻል፤ መልክሽ ግን እንደ አፍሽ አይደለም፣ ደህና ነው» አሉኝ። ግራዝማችን ሲያዩ «ይኸ ሽማግሌ ማነው?» አሉ። ግራዝማች እስከዛሬ አኩርፈዋል። መነጽሩ ግን አማሯቸው፤ በማግሥቱ ዓይኔን ያመኛል ብለው ተሰለፉ። አሁን ከሐኪም ቤቱ ደጅ ሰው አይጠፋም፤ አባ ገብረሥላሴም አንድ ጠርሙስ የሳል ሽሮፕ ይዘው «ለጾም ይሆናል ወይ?» እያሉ ይጠይቃሉ።

ከዚያ የሐምሌው ደብዳቤዎ መጣ።

እማማ መነጽራቸውን አድርገው «አንቢልኝ» አሉ። እኔ አስቀድሜ አይቼው ነበር። «ለውድ እናቴ፤ እንደምን ሰነበትሽ፤ ቀይ ሻሽ ይዤልሽ እመጣለሁ» እያልኩ ያልተጻፈውን ማንበብ ጀመርኩ። ፊቴን እያዩ ሰሙኝ። ከዚያ «ቀና በይ» አሉኝ። ቀና አልኩ።

«ዓይኔ ሳይበራ ቢሆን አምንሽ ነበር» አሉ። «አፍሽ ሻሽ ይላል፤ ፊትሽ ግን ለቅሶ ቤት ነው። የተጻፈውን አንብቢ።»

አነበብኩላቸው። መጀመሪያ ሳቁ። «ንፍሮው ምንድነው ያልሽኝ?»

«ስንዴና ሽምብራ።»

«ለኔ ሞት ሽምብራ! ባቄላ ጠፍቶ ነው?» አሉ። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁና ወደ ግድግዳው ዞሩ። «ልጄን በሰው አገር ለብቻው አስለቀስሽው» አሉኝ። ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር።

ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ። ግራዝማች «ምን ይቸግራል? በሕይወት አለች፣ ና፣ ብላችሁ ጻፉ» አሉ። አባ ገብረሥላሴ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አያምንም። እኔ ራሴ ስንቱን ሐዘንተኛ እናትህ ደህና ናት፣ ና ብዬ አስጠርቼ ደጁ ላይ ሲደርስ አርድቻለሁ። ለማጽናናት ብለን የዋሸነው ዛሬ እውነቱን አሳጣን» አሉ። እኔም በሳቸው ልቀልድ አልቻልኩም።

ያን ጊዜ ነው እማማ «እንዝርቴን አምጪልኝ» ያሉት። ከትራሳቸው ሥር አንድ ነጭ ነገር አወጡ። ለካ ሐኪም ቤት ተኝተው ሳሉ ዓይናቸውን የሚጠርጉበትን ንጹሕ ጥጥ በየቀኑ ቆንጠር እያደረጉ ሲያስቀሩ ኖረዋል። «እንዲህ ያለ ጥጥ ለቁስል ይጣላል?» እያሉ። እንደ ወተት ነጭ ነው፣ እዚህ አገር አይበቅልም፣ ሐኪም ቤቱ ከመከፈቱ በፊትም ሶዶ ውስጥ አልነበረም። ክሩ እየተበጠሰባቸው፣ ሐኪሙን እየረገሙና እየመረቁ በግራ እጃቸው ፈተሉት። ይኸው ከደብዳቤው ጋር ነው። ለጋቢዎ ፈትል አስጠግተው ይዩት።

ከዚህ በታች ያለው የሳቸው ቃል ነው፤ ሳልጨምር ሳልቀንስ ጽፌዋለሁ፣ ዓይናቸው ከእጄ ላይ አልተነሣምና።

«አንተ ልጅ፣ ማን ሞተች አለህ? የሞተች ሴት ትፈትላለች? እኔ ዓይኔን ያስበራሁት ባሕር ለማየት አይደለም። መርከቡን ተውና ና። ልጅቷን አትርገማት፤ እኔ ስቆጣት ሰንብቻለሁ፣ አይበቃትም ካልክ መጥተህ ጨምርላት።»

ይህን ነጋዴው አንጁሎ ይዞት ይሄዳል። ብላቴ እንደሞላ ነው። በቅሎዋን ወንዙ ቢወስዳት ደብዳቤሽን ራሴ ላይ አስሬ እዋኛለሁ ብሎኛል። የአቶ ባዳቾን በቅሎ ነው የተዋሰው።

አሁን ሰላምታው። እናትዎ እማማ አስናቀች ደህና ናቸው። እናትዎ እማማ አስናቀች ደህና ናቸው። እናትዎ እማማ አስናቀች ደህና ናቸው። የቀሩት ሰዎች ስማቸው ቢዘለልም ፈቅደውልኛል፤ ግራዝማች እንኳ።

የበደለችዎ ጽጌሬዳ


ጅቡቲ፣ መስከረም ፬ ቀን ፲፱፻፳፮ ዓ.ም.

ለቤተሰቤ በሙሉ፣ ሶዶ፤

ሙታንን የሚያስነሣ አምላክ የተመሰገነ ይሁን፤ ያልሞተችውንም የመለሰልኝ።

ደብዳቤው የደረሰኝ ጓዜን መርከቡ ላይ ከጫንኩ በኋላ ነው። «እናትዎ አልሞቱም» የሚለውን አነበብኩና አጠፍኩት። እንዳላችሁትም አላመንኩም። ያገሬ ሽማግሌዎች ሊያስመጡኝ ፈልገው ልጅቷን አስዋሹአት አልኩ። ክሩን ለመጣል እጄን ዘረጋሁ። ከዚያ ሳላስበው በጣቴ አፍተለተልኩት፤ ልጅ ሆኜ ከእናቴ እግር ሥር ተቀምጬ እንደማደርገው። እንደ ሰው ክር ቢሆን ይፈታ ነበር፤ ይህኛው ከረረ። ጋቢዬን ከጓዜ ውስጥ አስመዝዤ ከክሩ ጋር አስተያየሁት። መጠምዘዙ አንድ ነው፣ ነጭነቱ ግን ሐኪም ቤቱ ከተከፈተ ወዲህ የመጣው ጥጥ ነው። እመሬት ላይ ተቀመጥኩ። የመንዙ ሰውዬ «ማን ሞተብህ?» አለኝ። «ማንም» አልኩት። ይህን ቃል እንዲህ ደስ ብሎኝ ተናግሬ የማውቅ አይመስለኝም።

ከመርከቡ ወርጃለሁ። መርከቡ ያለእኔ ሄደ። ነገር ግን የተዋዋልኩት ውል አለና፣ በምትኩ የወደብ ጭነት እንድሠራ ፈርደውብኛል። የመጋዘኑንም ቦታ ሌላ ሰው ይዞታል። ለመስቀል አልደርስም። ለጥምቀት፣ እግዚአብሔር ቢፈቅድ። እናቴ የበሩን ድምፅ ማዳመጡን ትተወውና መንገዱን ታይ፤ አሁን ትችላለች። ሻሹ ግን የለም፤ አሮጊቷን መልሽ አልላትም።

እናቴ አስናቀች፣ እንደምን ሰነበትሽ? እናቴን የምትጦርልኝ ወንድሜ ቦጋለ፣ እንደምን ሰነበትህ? የማርያምወርቅ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ግራዝማች አድነው እንደምን ሰነበቱ? አባ ገብረሥላሴ፣ ሳልዎ ተሻለዎ? አቶ ባዳቾ፣ እንሰትህ እንደምን ነው? በቅሎህ ብላቴን ተሻግራ ከሆነ ስለ እኔ ገብስ አብላልኝ። ነጋዴው አንጁሎ እንደምን ሰነበተ? ሐኪሙንም እናቱ ትኑርለት በሉልኝ።

ይህን ጮክ ብላ የምታነብላችሁ ልጅ እዚህ ስትደርስ ትቆማለች። የአንድ ሰው ስም ዘልያለሁ፣ አውቄ ነው። እናቴ፣ ፊቷን እዪልኝ። ከዚያ ንገሪያት፤ እኔ ያን ዝምታ ከሰኔ እስከ ዘመን መለወጫ ተሸክሜዋለሁ፤ እሷ ደግሞ እስከ ጥምቀት ትሸከምልኝ። ስሟን ደጃችሁ ደርሼ በአፌ እጠራዋለሁ።

እሸቴ